የፊት ግራው ጎማ

«እማማንና ጎማን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሾፌሩ ሳቀብኝ። የቧሂት አቀበት በረዶ ለብሷል፤ ምጥ የያዛት የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር ታቃስታለች።

«የፊት ግራው ጎማ ጥርሱ አልቋል። አቀበቱን ሳትጀምር ቀይረው» አልሁት።

«ይቺ እኮ ፎር ዊል ናት፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል! አርፈው ይቀመጡ።»

ፊደል አልቆጠርሁም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአሮጌ ጎማ በርባሶ ጫማ እየቆረጥሁ ልጆች አሳድጌአለሁ። ወረድሁና የጎማውን ጎን ጭቃ በመዳፌ ጠረግሁት። በቢላ የተጫረ መስቀል ብቅ አለ።

«ና እየው! ይህን ምልክት የጫርሁበት እኔ ነኝ። አምና ለጫማ እንኳ አይሆንም ብዬ የጣልሁት ጎማ ነው። በል፣ ክሪክህን አውጣ!»