አንቀጽ አራት

ከትምህርት ቢሮ የመጡት ሁለት ሴቶች የልጆች ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ መታደሱ የሚወሰነው ዛሬ በሚያዩት ነው። እዚህ የሚማሩትን የሚመርጡትም፣ ደንቡን የሚያወጡትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

«ስብሰባውን እርስዎ አይመሩትም?» አለች አንደኛዋ።

«እኔም እንደ ልጆቹ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ» አለ መሥራቹ፤ ላብ ያራሰውን መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

የአሥር ዓመቷ ሰብሳቢ ሶስና ጠረጴዛውን በእርሳስ መታች።

«ጋሼ፣ ሳይፈቀድልዎት አይናገሩ!»

ልጆቹ ሳቁ። እንግዶቹም ፈገግ ሲሉ መሥራቹን ትንሽ ቀለል አለው።

«አንቀጽ አራት» ብላ አነበበች ሶስና። «ልጅ የመታ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ይወጣል። የምትደግፉ?»

እሱ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ። ሴቶቹ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

«ጥያቄ ያለው?»

ከመስኮቱ ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች። የመሥራቹ የሰባት ዓመት ልጅ አርሴማ ናት። የሹራቧ እጅጌ ተንሸራትቶ ክንዷን እንዳያጋልጥ በሌላው እጇ ጨብጣ ይዛዋለች። አባቷ አፍጥጦ አያት። እጇን አላወረደችም።

«እሺ፣ አርሴማ።»

«ቤት ውስጥ የመታስ?»