ሆድ ውስጥ የቀረው መቀስ

የሆስፒታሉን ቃሬዛ ከፊት በኩል ሳነሳ የታማሚዋ ልጅ አባት ከኋላ ጨምድደው ይይዙብኛል። ሴትዮዋ ሐኪም ጋ ከሆነ ልጄ አትገባም ይሉኛል። ልጅቷ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ታቃስታለች። ትርፍ አንጀት ነው፤ ዶክተሯ ዛሬውኑ ካልወጣ ይፈነዳል ብላለች።

አባትየው ግን ሐሙስ የሚመጣውን ወንዱን ሐኪም ሊጠብቁ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ለምን ብላቸው ወሬውን ያራግፉልኛል። አንዱን ሰውዬ ቀድዳ መቀሷን ሆዱ ውስጥ ረስታ ሰፋችው፤ ሲራመድ ይንቃጨላል፤ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይከተለዋል። ውሾቹን የጨመርኩት እኔ ነኝ። መቀሱንም እኔው ነኝ። ለመጀመሪያዋ ሴት ሐኪማችን፣ ወረፋ ጠባቂው አይሰልቸው ብዬ፣ እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ የፈበረክሁላት ታሪክ ነው።

«አባባ፣ ውሸት ነው። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ወረፋው በሳቅ ይፈርሳል። አንዷማ «ሬዲዮ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣብን» ትላለች። ያወጡልኝ ስም ነው። አባትየው አይስቁም፤ ቃሬዛውንም አይለቁም።

ዶክተሯ እጇን ታጥባ፣ ክንዶቿን ወደ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አትለምንም፣ አትቆጣም። እኔን ብቻ ታየኛለች። የደበቅኩትን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ አውጥታም አትናገርብኝም።

ቃሬዛውን መሬት አሳርፌ የሸሚዜን ቁልፎች እፈታለሁ። ከእምብርቴ በታች፣ በስተቀኝ፣ ጉንዳን የሄደበት የምትመስል ቀጭን ጠባሳ አለች።

«አምና እሷ ናት ትርፍ አንጀቴን ያወጣችልኝ።»

ሴት ራቁቱን አየችው እንዳልባል ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር አልኩ። ማንም እንዳይጠረጥረኝ ደግሞ መቀሱን ፈጠርኩ።

አሁን የሚስቅ የለም። አባትየው ጠባሳዬን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጋሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን እጀታ ያነሳሉ። ልጅቷን እናስገባለን፤ በሩ ይዘጋል።

ስወጣ ከአግዳሚው ጥግ አንድ ሰው ይነሳል። አውቀዋለሁ። የመቀሱን ወሬ እዚህ ሳወራ፣ እንባው እስኪፈስ የሳቀልኝ ነው። ያኔ ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ዛሬ ብቻውን ነው፤ ጥቁር ለብሷል።

«ያን ቀን ይዣት ተመለስኩ» ይለኛል ቀስ ብሎ። «ሐሙስን ልንጠብቅ።»

ሸሚዜን አልቆለፍኩም። እሱም ዓይኑን ከጠባሳዬ ላይ አላነሳም።