ክር የሌለው ኩባያ

ናጂያ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰሊጥ አጫጆችን ሽንት ትመረምራለች፤ ሙቀቱ ኩላሊታቸውን ጎድቶት እንደሆነ ለማየት። ሽንቱን የምታመሳክረው ፍሪጅ ውስጥ ካለች፣ «የሰው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈባት ብልቃጥ ጋር ነው። ብልቃጧ የተጎዳ ኩላሊት የሚያወጣውን የሰው ፕሮቲን ይዛለች፤ ግን ከማንም ሰው አልተቀዳም፣ በፋብሪካ የተሠራ ነው።

ማንበብ የማይችሉት አጫጆች በየሽንት ኩባያቸው ላይ የየራሳቸውን ክር ያስራሉ። ሰሞኑን ግን ሽንት ያለበት ክር የሌለው ኩባያ ከኩባያዎቹ መሃል ይገኛል።

«ጋሼ ስንሻው፣ ከሰዎችዎ አንዱ እየቀለደብኝ ነው» አለች ለአጫጆቹ አለቃ።

«የኛ ሰው ክሩን አይረሳም፣ ልጄ።»

አላመነችውም። «ወላሂ፣ ነገ ምልክት የሌለውን እደፋዋለሁ!» ብላ ጮኸች። ማታ የቤተ ሙከራውን በር ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሄደች።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ሽንት የያዘ አንድ ኩባያ ቆሟል፤ ከብልቃጧ የተላጠው «የሰው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ዳሰሰችው። ገና ትኩስ ነው።