የጠዋቱ ፕሮግራም ሦስት ደዋዮች

«ዛሬም አንድ ሰው እንኳ አልደወለም!»

ሥራ አስኪያጁ የስቱዲዮውን በር በርግዶ ገባ…

ጋዜጠኛው ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በሬዲዮ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ባህል ሲያወራ ኖሯል። ከመስታወቱ ጀርባ ካለችው ቴክኒሻን በቀር የሚያየው ፊት የለም። ቤቱ ሲገባም የሚጠብቀው የለም…

«አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ። ሰው ካልደወለ ፕሮግራሙ ይዘጋል።»

በማግስቱ ጋዜጠኛው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ይህንኑ ለአድማጮቹ ነገራቸው።

ደቂቃ አልቆየም… ስልኩ ጮኸ!

አንድ አናጺ ነበር። ስለ አዲሱ የምርጫ ሕግ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ።

በሳምንቱ ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ደወለ። ድምፁ ቀጭን፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ… ጉንዳኖች መንገዳቸውን የማይስቱት እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀልደኛ የታክሲ ሹፌር…

«የዘንድሮ ዘፈን እኮ የትራፊክ መብራት አስቁሞኝ እስኪለቀኝ ያልቃል!» ብሎ ቴክኒሻኗን በሳቅ ገደላት።

ሦስቱ በየተራ መደወል ያዙ። ወሩ አለፈ፤ ፕሮግራሙም አልተዘጋም። ጋዜጠኛው ከእንቅልፉ ሲነቃ «ዛሬ አናጺው ምን ይል ይሆን?» ማለት ጀመረ። ሳያስበው ወዳጅ አፈራ…

አንድ ቀን ታዲያ ጣቢያው የደዋዩን ቁጥር የሚያሳይ አዲስ ስልክ አስገባ።

ሳምንት ሳይሞላ ቴክኒሻኗ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«ጋሼ… አናጺውም፣ መምህሩም፣ ሹፌሩም የሚደውሉት ከአንድ ቁጥር ነው።»

«ጎረቤታሞች ይሆናሉዋ!»

«አይደሉም። የቀዳሁትን ደጋግሜ ሰማሁት። አንድ ሰው ናቸው።»

ሦስት ወዳጅ በአንድ ጊዜ ሞተበት…

ደሙ ፈላ። በዚያው ቁጥር ደውሎ አድራሻ ተቀበለና ከሰዓት በኋላ ሄደ።

በሩን የከፈቱለት አንድ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ የኖሩ።

አንዲት ክፍል… አንድ ወንበር… አንድ ሬዲዮ።

ጠረጴዛው ላይ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱት ስለ ጉንዳን የሚያወራ መጽሐፍ። ከጎኑ በሦስት የተከፈለ ደብተር፦ አናጺ፣ መምህር፣ ሹፌር።

«አባባ፣ ምን በደልኩዎት? ለምን መሳቂያ ያደርጉኛል?»

ሽማግሌው ወንበሯን ለእንግዳቸው ለቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መሳቂያስ አላደረግኩህም ልጄ… ‹ሰው ካልደወለ ይዘጋል› ስትል ሰማሁ። በአንድ ሽማግሌ ድምፅ እንደማይተርፍ ገባኝ።»

«ቢዘጋስ? እርስዎ ምን ይጎድልብዎታል?»

እጃቸውን ሬዲዮው ላይ አሳረፉ…

«ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንተ ግን በየጠዋቱ ‹እርስዎስ ምን ይላሉ?› ትላለህ። ለሕዝቡ እንደሆነ አጥቼው አይደለም… እኔ ግን ለእኔ ነው እያልኩ እመልስልሃለሁ።»

ሊቆጣ የመጣው ጋዜጠኛ ደብተሩን አንስቶ ማንበብ ጀመረ…

በማግስቱ ማይክራፎኑን ከፈተና የሽማግሌውን ማንነት ሳይገልጥ እውነቱን ዘረገፈው።

«ሦስት ሰው መስለውን የነበሩት አንድ ብቸኛ ሰው ናቸው። እነሱን ስጠብቅ የነበርኩት እኔም ከእሳቸው አልሻልም…»

ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ስልኩ ጮኸ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ እየሰፋሁ ሰምቼሃለሁ» አለች አንዲት ሴት። «እኔ ባልደውል ሌላው ይደውላል እያልኩ እኮ ነው…»

ከእሷ ቀጥሎ አንድ ዘበኛ። ከዚያ ነርስ። ከዚያ ሌላ… መስመሩ እስከ መጨረሻው ፋታ አላገኘም።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ጋዜጠኛው ለሽማግሌው ደወለ።

«ልጄ፣ አምስት ጊዜ ሞከርኩ… መስመሩ ተይዟል ይለኛል!» አሉት። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየለትም።

«ለዚያ እኮ ነው እኔ የደወልኩት አባባ። እስቲ ይንገሩኝ… ምን ሊሉ ነበር?»

ወዳጆቼ… ብቸኛ ሰው የሚርበው የሚያወራለት ሰው ብቻ አይደለም። ጠይቆት፣ መልሱን እስኪጨርስ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሌላው ይጠይቀዋል እያልን ስንቱን ዝም አሰኘነው?

ከግድግዳችሁ ማዶ ሬዲዮው ብቻ የሚያወራለት ጎረቤት አላችሁ? ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ያንኳኳችሁት መቼ ነው?

እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ… አንድ በአንድ አነባለሁ።