ለጳጳሱ ከመድረሱ በፊት

ፔርና የአባቷን መጽሐፍ ማሰሮው ውስጥ ልትከተው ጎንበስ እንዳለች በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም። በዚያ ሰፈር በር ማንኳኳት ፈርቶ ጉሮሮውን እየጠረገ የሚቆም ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ለእሱም ከዓመታት በፊት ቤተሰቡ እንደ ሞተ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አልቅሶለታል።

"ደህና ዋልሽ፣ እታለም።"

"ለሞተ ሰው ድምፅህ ደህና ነው።"

ወንድሟ ዳቲሎ ነው። ከተጠመቀ ወዲህ ግን ፓውሎ ተብሎ፣ ሰፍቶ የሚንገዋለል ካባ ለብሶ፣ ጳጳስ ቤት ተቀምጦ የአይሁድን የምሥጢር መጻሕፍት ወደ ላቲን ይተረጉማል። ማሰሮውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የፔሩጃ አይሁዶች ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ አያቃጥሉም፣ አይጥሉምም፤ እንደ ሰው ይቀብሩታል። ዛሬ የመቅበሪያው ቀን ስለሆነ የምኩራቡ ሰዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማሰሮ ይሰበስባሉ።

"እሱን እንዳትቀብሪው" አለ። "ጳጳሱ የገዛው ቅጂ መጀመሪያው የለም። አይጥ በልቶታል።"

"ታዲያ አይጡን አጥምቃችሁ አስተርጉሙታ።"

ዳቲሎ ሳይወድ ሳቀ። በዚህች ሴት አፍ ያልተሸነፈበት ቀን ትዝ አይለውም።

"ሙሉው የአባባ ብቻ ነው። ለጥቂት ቀን አውሺኝ።"

"አባባ ቅበሩት ብሎ ነው የሞተው። በጳጳሳት እጅ እንዳይገባ ፈርቶ እንደሆነም ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች መጽሐፋችንን እንዳቃጠሉት እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፣ ፔርና። ስናገር ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል።"

ፔርና መጽሐፉን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ወንዶች ልጆቹን ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሲያስተምር፣ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ድስት እያማሰለች ድምፁን ትሰማ ነበር። ፊደል ታውቃለች፤ የጸሎት መጽሐፏን ራሷ ታነባለች። ይህኛው ግን በማታውቀው ጥንታዊ ቋንቋ፣ በአራማይክ የተጻፈ ነው። አንድ ቀን "ምን ይላል?" ብትለው አባቷ ፀጉሯን ዳሰስ አደረገና "ሾርባው እንዳያርር" አላት።

"ጳጳስህ ምን እንደሚል ያውቃል?"

"እየነገርኩት ነው።"

"መነኮሳቱስ?"

"እነሱም አብረው ይሰማሉ።"

"ፓሪስ ያሉት ሊቃውንቶቻችሁስ?"

"ቅጂ ይላክላቸዋል።"

"እንግዲያው ከዚህ እስከ ፓሪስ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ" አለች።

ከውጭ የአህያ ኮቴ ተሰማ። "እትዬ ፔርና፣ ማሰሮሽ ደረሰ?" የሽማግሌው የቦናዩቶ ድምፅ ነው።

ዳቲሎ እዚህ ቤት ከተገኘ መዘዙ ለሁለቱም ነው። ፔርና ካባውን ይዛ ወደ ጓዳ ገፋችው። ከዚያ ወደ ማሰሮው አየች፤ ወደ መጽሐፉም አየች። መጽሐፉን ሽርጧ ስር ወሸቀችው፤ የባዶውን ማሰሮ አፍ በጨርቅ ጠፍራ ይዛው ወጣች።

"ቀለለኝ እኮ" አለ ቦናዩቶ እየመዘነ። "አባትሽ ያን ሁሉ ሲያነብ ኖሮ የተወው ይህችን ብቻ ነው?"

"ቀሪውን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ሄደ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" ብሎ ሽማግሌው አህያውን ነዳ።

ስትመለስ ዳቲሎን ከጓዳ ጠራችው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ከዚህ ቤት አይወጣም። እየመጣህ እዚሁ ትገለብጠዋለህ። እያንዳንዱን ገጽ መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለጳጳስህ።"

"ይሄ እኮ ለሴት አይነገርም። ሕጉ..."

"ሕጉን የምትነግረኝ አንተ ነህ?"

ዳቲሎ አንገቱን ደፋ።

"አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ያላገባ አይማረው ነው የሚባለው" አለች። "አርባን አልፌያለሁ። ባልም አግብቼ ቀብሬያለሁ። የጎደለኝ ጢም ነው፤ እሱም እየመጣ ነው።"

ዳቲሎ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። አንድ መስመር በአራማይክ አነበበ፤ ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመው። "የታችኛው ባሕርይ ከላይኛው ባሕርይ በተለየ ጊዜ፣ የብርሃን ፍሰት አልተቋረጠም።"

ፔርና ተጠግታ ገጹን አየች። "እና?"

"እንዲህ ነው የምጽፍላቸው።"

"እነሱ ለዚህ ነው ቁጭ የሚሉልህ? በል፣ በቤታችን ቋንቋ ንገረኝ።"

ተመልሶ መስመሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ። እንዲህ ያለውን ነገር በቤታቸው ቋንቋ ካወራ ስንት ጊዜው ነው።

"ንግሥቲቱ ከቤቷ በወጣች ጊዜ..." አለና ቆመ። "ንጉሡ መብራቱን አላጠፋም።"

ጓሮ ዶሮ ትጭራለች።

"እንዲህ ነው የሚለው?"

"እንዲህ ነው።"

"ድምፁን አውቀዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ቅድም በአራማይክ ስታነበው አወቅኩት። አንተ ከሄድክ በኋላ ስምህ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። ግን አባባ ጓዳ ብቻውን እየገባ ያነብ የነበረው ይህንኑ ነው። ሌላ ገጽ ሲያነብ አልሰማሁትም።"

ዳቲሎ የካባውን አንገት ላላ አደረገ። በሻከረ ድምፅ "ቀጣዩን ልበል?" አለ።

"አትቸኩል። ጳጳሱ ይጠብቅ።"

ፊቱን ሊጠርግ እጁን ከገጹ አነሳ። ፔርና የራሷን ጣት እዚያው ቦታ ላይ አሳረፈች፤ ገጹ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ፊደሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ አለፈቻቸው።

"መብራት የሚለው የቱ ነው?"

ወንድሟ ጣቷን ያዘና ሁለት ቃል ወደ ግራ አስጠጋላት።