ማን ቀዳለት?

ምንይችል በሰባ ዓመቱ ብዙ ደም አድርቋል። ወገራ ሳለም ሆነ ባሕር ተሻግሮ ናታንያ ከተማ ከገባ ወዲህ፣ ለእርቅ ተልኮ ያልቆመበት ደጅ የለም። ዛሬ ግን ዶራ ሰፈር ወዳለው የያኮቭ ቤት ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆም አለ።

ታሪኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላው ትከተላለች። ያመጣት የአንድ ልጇ የአልሞግ ጥፋት ነው። አልሞግ ዓርብ ቀትር ላይ ከሥራ ወጥቶ፣ ጠጥቶ እየነዳ፣ የያኮቭን ልጅ ሂላን መንገድ ስትሻገር ገጭቶ ገደላት። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እሱ በቤት እስር ላይ ስለሆነ እናቱ መጣችለት።

ያኮቭ በሩን ከፈተ። ጢሙ አድጓል። ተቀመጡም አላላቸውም።

«ልጄ» አለ ምንይችል፤ «አልሞግ ያንተው እጅ ነው። መጋዘን ሥራ ያስገባኸው አንተ፣ አለቃው አንተ። እንደ አባቱ ነበር የሚያይህ። በድሎሃል። ስለ እግዜር ብለህ ማረው።»

ያኮቭ ዓይኑን ከታሪኳ አልነቀለም።

«የት እንደጠጣ ለሚሽታራ ፖሊሶች ተናግሯል?»

«አልተናገረም» አለች ታሪኳ።

«ማን እንደቀዳለትስ?»

«ጥርሱን ነክሷል። ፖሊሶቹ ስንቴ መረመሩት። እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹እማ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ› ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለውም።»

ምንይችል ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። አንድ ደም አልበቃው ያለ ሰው ነው ሌላ ጠላት የሚያፈላልግ። ወገራ ላይ አንዱ እንዲሁ ረጋ ብሎ ጠይቆ፣ በሳምንቱ ሦስት መቃብር ተቆፍሯል።

ያኮቭ ወደ ኩሽና ገባ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ።

ምንይችል ታሪኳን ወደ ኋላው ጎትቶ ከፊቷ ቆመ። «ተው ልጄ» አለ፤ «ሂላ በዚህ አትመለስም።»

ያኮቭ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። በእጁ መታወቂያውን ብቻ ይዟል።

«ሚሽታራ ጣቢያ አድርሱኝ፣ አባ። የሰውየውን ስም እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ታውቀዋለህ ማለት ነው?»

ያኮቭ ሽማግሌውን አልፎ ሄዶ ታሪኳ እግር ላይ ተደፋ።

«የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አለ፤ «ማሪኝ።»