የአበዛሽ ድንጋይ

ጋሽ ጸሐዬ ያንን ድንጋይ መፈለግ ከጀመሩ አራተኛ ወራቸው ነው።

ድንጋዩ የራዲዮ ድንጋይ ነው። ክብ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ አናቱ ላይ ሁለት የናስ ምላስ አለው። ጅቡቲ ውስጥ «ፒል ፕላት» ይሉታል። ድሮ የማይሸጠው ሱቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ስሙን የሚያውቅ ባለሱቅ ራሱ ጠፍቷል።

ራዲዮው የባለቤታቸው የወይዘሮ አበዛሽ ነው። ጋሽ ጸሐዬ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የሚይዟት የእጅ ባትሪ በዚያው ዓይነት ድንጋይ ነበር የምትሠራው። የሳቸው ሲያልቅ ከራዲዮው ሆድ ሰርቀው ውልቅ ይላሉ። ስንቴ ተጣልተውበታል! በመጨረሻ በቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ኖረ፤ የጸሐዬ ድንጋይና የአበዛሽ ድንጋይ። የአበዛሽን ድንጋይ የነካ ወዮለት።

ወይዘሮ አበዛሽ ከሄዱ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። የድሮው ጣቢያ ተዘግቷል፤ የእጅ ባትሪዋም የት እንደገባች አይታወቅም። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤት የቀሩት ጋሽ ጸሐዬና ራዲዮው ብቻ ናቸው። አመሻሽ ላይ ሲከፍቱት አበዛሽ ጓዳ ያለች ይመስላቸው ነበር። ዜናውን እንኳ ልብ ብለው አይሰሙትም፤ ቤቱ ድምፅ ካለው ይበቃቸዋል።

በጥምቀት ሰሞን የመጨረሻው ድንጋይ አለቀና ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ራታቸውን የሚበሉት ቆመው ነው። ለብቻ ገበታ መቅረብ ይከፋቸዋል።

ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ ዓብዱረዛቅ የሚባል ራዲዮ ጠጋኝ አለ። አማርኛውን የተማረው ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው፤ ለጋሽ ጸሐዬ ግን ደህና ደህናውን ይመርጥላቸዋል።

«ፊኒ፣ አልቋል ጋሼ። የሠራው ፋብሪካም ሳይረሳው አይቀርም። ምናልባት ድሬዳዋ ይጠይቁ፤ አሮጌ ነገር እዚያ አይጠፋም። ካልሆነ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ በሽቦ አያይዤ ልግጠምልዎት? በአምስት ደቂቃ ይጮኻል።»

«ሽቦ እንዳታስነካው።»

«ምን ይሆናል?»

«የሰው ዕቃ ነው። እንደነበረ ነው የማቆየው።»

ዓብዱረዛቅ ሥራውን አስቀመጠ። በዚህ መሀል ሙሉሰው የስልኩን ቻርጀር ሊያሠራ ገባ። ሙሉሰው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ በገባ ቁጥር ጋሽ ጸሐዬ ምሳ ከሚበሉበት ምግብ ቤት ይበላል።

«የማዳም አበዛሽ ነው ለካ» አለ ዓብዱረዛቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላህ ይማራት።»

ጋሽ ጸሐዬ አሜን አላሉም። ራዲዮውን ፌስታል ውስጥ ከተው ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«ሙሉሰው ልጄ፣ በድሬዳዋ በኩል ነው የምታልፈው?»

«አዎ ጋሼ። ነገ እነሳለሁ፤ ስመለስም እዚያው ነው የማድረው።»

«እንግዲያው የአበዛሽን ድንጋይ ፈልግልኝ።»

ሙሉሰው ኮፍያውን አወለቀ። «የት አካባቢ ይገኛል?»

«ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሞክር። የድሮ ሰዎችን ጠይቅ፤ አያጡትም።»

«የአባታቸውስ ስም?»

ጥያቄው ጋሽ ጸሐዬን ገረማቸው። ዘንድሮ ጉምሩክ ለአንድ ድንጋይም የባለንብረት ስም ይጠይቅ ይሆናል ብለው አሰቡ።

«ይታገሱ። አበዛሽ ይታገሱ በል።»

«ሳልፈልግ አልመለስም፣ ጋሼ» አለ ሙሉሰው፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ሰው እንዲህ ከተጨነቀላቸው ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል!

ከዚያ በኋላ ሥራቸው መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ራዲዮውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል ሄሮን የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ድረስ በእግራቸው ይሄዱና ባሕሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ የሚያናግራቸው የለም። ቤት ሲመለሱ «መጣሁ» ይላሉ፤ የሚመልስላቸውም የለም። ድንጋዩ ካልተገኘ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲህ ነው፤ ይህን ሲያስቡ ይጨንቃቸዋል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሙሉሰው መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ በጠባቡ መንገድ በእግሩ መጣ። እጁ ባዶ ነው።

«ድንጋዩስ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጸሐዬ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ገበያውን በደንብ ጠይቀሃል?»

«ገበያ ምን ያደርግልኛል? ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ነው የዞርኩት። ያላነበብኩት የመቃብር ጽሑፍ የለም።»

«የምን መቃብር?»

«እርስዎ አይደሉ የእማማን ድንጋይ ፈልግ ያሉኝ?»

«የራዲዮ ድንጋይ! የራዲዮ! ማን መቃብር ቤት ግባ አለህ?»

ጋሽ ጸሐዬ ምርር አላቸው። አራት ወር ሙሉ ለፍተው፣ አሥራ ሦስት ቀን በር በር አይተው፣ ቤቱ ጭጭ እንዳለ ሊቀር ነው። አሁን ተነስተው በሩን ዘግተው መተኛት ብቻ ነው ያማራቸው።

ሹፌሩ ክንዳቸውን ያዘ። ወደ ዋናው መንገድ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔስ ይሁን፣ ጋሼ፤ እማማ አበዛሽን ምን ልበላቸው? መቃብራቸውን ስጠይቅ ሰምተው፣ ‹በቁሜ የቀበረኝን ሰው ዓይኑን ልየው› ብለው ይኸው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል።»